ዝባን ሚካኤል ዜሮ አይደለም

የደብዳቤው ቁጥር፦ (ሆን ተብሎ ሳይጻፍበት የተተወ)
ሰቆጣ፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለእህል ድልድል መሥሪያ ቤት የሒሳብ መኪና ክፍል ዋና ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ እንዲሁም አቧራ እንዳይነካት ሙቀትም እንዳይጎዳት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች ሲባል የሰማነውን የታላቋን የሒሳብ መኪናዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ በዋግ ምድር ያለን ሰዎች፣ ያለነውን ያህል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። «ያለነውን ያህል» ማለቴን ግን እባክዎ በልብዎ ያኑሩልኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና።

እኔ መሪጌታ አሥራተ ማርያም እባላለሁ። እዚህ ሰቆጣ ከተማ ዜማ አስተምራለሁ፤ ትውልዴ ግን ደሃና ውስጥ ዝባን ከምትባል ተራራ ላይ ካለች መንደር ነው፤ ደብሯም ቅዱስ ሚካኤል ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ከአሁን በፊት አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች የሚከፍታቸው ሰው ያገኙ አይመስለኝም። ስለዚህ ክቡርነትዎን ከመክፈት ድካም ላሳርፍ ብዬ ይህን ገና ከመነሻው የተከፈተ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ፤ አንዱ ቅጂ ወደ ጋዜጣ ይሄዳል፣ አንዱ በሰቆጣ ገበያ መግቢያ ካለው ዛፍ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱም ፈቃድዎ ከሆነ በጠረጴዛዎ ላይ ያርፋል።

የምለምንዎ ነገር አንድ ብቻ ነው። በዝባን ሰው እንዳለ መኪናዎ እንድታምንልንና ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ እህል እንዲወጣልን ነው። በሰቆጣና በዝባን መካከል ያለው ወንዝ አንድ ጊዜ ከሞላ እስከ መስቀል አህያ አያሻግርም፤ ደመናውም ካለፈው እሑድ ጀምሮ በተራራው ጫፍ ላይ እየተሰበሰበ ነው። ዝናብ ስጠን ብለን ምሕላ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ዛሬ ደመና ባየን ቁጥር ልባችን ይደነግጣል፤ ዝናብን እንድንፈራ ስላደረገን መሥሪያ ቤትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ታናሽ እህቴም እዚያው ዝባን ናት፤ ስለ እሷ በቦታው እመጣበታለሁ።

ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለት ካልከበደብኝ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ ነግረውኛል።

፩ኛ፤

ዐምና መኸሩ ከከሸፈ በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ቅጽ ወደየአጥቢያው ተልኮ ነበር። በቅጹ ላይ «በአጥቢያው ያለ ችግረኛ ብዛት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ከጽሑፉ አጠገብም ቁጥር የሚሞላበት አራት ትንንሽ ቤት ያለው ቦታ ነበር። የዝባን ሚካኤል አስተዳዳሪ የሆኑት አባታችን ቄስ ገብረ አማኑኤል ሽማግሌዎቹን በደጀ ሰላም ሰብስበው ቅጹን አነበቡላቸው፤ ቀጥለውም ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደበት፣ እኛ ቸነፈሩ ቀድሞ በደጃችን ተቀምጦ ሳለ ደግሞ ሰው እንቁጠር ወይ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም በአንድ ቃል አይሆንም አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ላብራራ። በእኛ አገር በሕይወት ያለ ሰው በጣት አይቆጠርም። እናትን ስንት ልጅ አለሽ ብለው ቢጠይቋት እግዜር የሰጠኝን ያህል ብላ ታልፍዎታለች፤ ፍየል የሚያግደውም ሰው ፍየሎቹን በመልካቸው ያውቃቸዋል እንጂ ስንት ናቸው ቢሉት ፊቱን ያዞርብዎታል። እኛ የምንቆጥረው ሞት ከገባ በኋላ ነው፤ ሳልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያልን። ስለዚህ ቄስ ገብረ አማኑኤል ቦታውን ሳይጽፉበት ተዉትና ከታች፣ ባማረ እጃቸው፣ በቀይ ቀለም ጭምር፣ «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» ብለው ጽፈው ማኅተም አድርገው ላኩ። እኔ በቦታው ብኖር ኖሮ ያንኑ አደርግ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልቀየማቸውም።

እህል የመጣ ጊዜ ለዙሪያው አጥቢያ ሁሉ ተደለደለ፤ ለዝባን ግን አንዳች አልነበረም። እኔም በሰቆጣ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ወደሆነው ወደ አቶ ደጅይጥኑ ዘንድ ሄጄ ምክንያቱን ጠየቅሁ። አቶ ደጅይጥኑ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝና መኪናዋ ያለችው አዲስ አበባ መሆኑን፣ ቅጹ እዚያ ሲደርስ ቁጥሩ በወፍራም ወረቀት ላይ በቀዳዳ እንደሚበሳ፣ መኪናዋም ቀዳዳውን እንደምታነብ ነገረኝ። ቄሱ ያልጻፉበት ቦታ ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳ የሌለውን ደግሞ መኪናዋ ዜሮ ብላ ታነበዋለች። መሪጌታ፣ ለኮምፒዩተሯ ያልተጻፈና ዜሮ እኩል ናቸው አለኝ፣ ዐይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። እግዚአብሔር ያውቃቸዋል የሚለውስ ብዬ ብጠይቀው፣ ለእሱ የተመደበ ቦታ ስለሌለ አልተበሳም አለኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥበብ ስሰማ የአገሬ ልማድ ትዝ አለኝ። ሰው በሰው ደጅ ቆሞ ቤቶች ብሎ ተጣርቶ መልስ ቢያጣ፣ ታመው ይሆን ወይስ ተኝተው ይሆን ብሎ በሩን ይገፋል እንጂ በዚህ ቤት ሰው ተፈጥሮ አያውቅም ብሎ አይሄድም። የመኪናዎ ዕውቀት ግን ከዚህ የራቀ ነው፤ ዝም ያለውን ሁሉ የለም ትለዋለች። ደግሞም ቄስ ገብረ አማኑኤል የሚጽፉት በግእዝ ቁጥር ነው፤ በግእዝ ቁጥር ውስጥ ዜሮ የሚባል ምልክት የለም። የለም ለማለት ቢፈልጉ እንኳ የሚጽፉበት አልነበራቸውም። አባታችን በዕድሜያቸው ጽፈውት የማያውቁትን ቁጥር ጻፉ ተብለው ሕዝባቸው በእሱ ተፈረደበት።

፪ኛ፤

በዚህ ብቻ ቢበቃ ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ የክፍልዎ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት ለዝባን ሚካኤል ደረሰ። ቃሉ ከሞላ ጎደል፣ በዘመናዊ መኪና ተጣርቶ በአጥቢያችሁ አንድም ችግረኛ አለመኖሩ ስለታወቀ መሥሪያ ቤቱ ደስታውን ይገልጣል፤ እናንተም የተረፋችሁ ስለሆናችሁ ለተቸገሩት ጎረቤቶቻችሁ እህል እንድታዋጡ በአክብሮት ትጠየቃላችሁ የሚል ነበር።

ይህ ወረቀት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ተነበበ። ደብሬ የሚባል ዘር ገብሱን በልቶ የጨረሰ ገበሬ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ፤ ደብሬ እየሳቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ ካቆመ በኋላም ከዚያ ድንጋይ አልተነሣም፤ ሰው ደግፎ ወሰደው። ግን ልብ ይበሉልኝ፣ ወረቀቱ ስለ ተራበ ሰው የተለመነ ልመና ነው፤ ስለ ተራበ ሰው የተለመነን ደግሞ ዝባን እምቢ ብሎ አያውቅም። ቤት ለቤት ጭብጥ ጭብጥ ገብስ ተሰበሰበና አንድ ስልቻ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በአህያ ሰቆጣ ተልኮ ገቢ ሆነ። አቶ ደጅይጥኑ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ያመጡት ሽማግሌ ግን ለተራበ የወጣ እህል ወደ ቤት አይመለስም ብለው ጥለውት ሄዱ።

ያችም ስልቻ በወረቀት ላይ በቀዳዳ ተበስታ ወደ መኪናዎ ሄደች። መኪናዋም ዝባን እህል ያዋጣ አጥቢያ መሆኑን አይታ ቀድሞ የሰጠችው ፍርድ ትክክል እንደነበረ አረጋገጠች ተባልን። ለዚህ ለሁለተኛው ማረጋገጫ የዝባን ሕዝብ ምስጋና የሚያቀርብበት አፍ አጥቷል፤ አንዳንዱ በእውነት አጥቷል።

፫ኛ፤ ይህኛው አጭር ነው።

በኒሯቅ በኩል ያለ አንድ አጥቢያ ችግረኞቹ አራት ብቻ መሆናቸውን በፈረንጅ ቁጥር ጻፈ። ጸሐፊው መጻፍ እንደሚጀምር ሰው ሁሉ ከግራ ጀምሮ አራትን በመጀመሪያዋ ቤት አኖረና የቀሩትን ሦስት ቤቶች ሳይጽፍባቸው ተወ። መኪናዎ ያልተጻፈውን ዜሮ ብላ እንደምታነብ አሁን እናውቃለንና አራቱን ሰው አራት ሺህ አደረገችው። ያው ክፍት ቦታ በዝባን ያለውን ሰው ሲያጠፋ በኒሯቅ በኩል ያልተወለደ ሰው ፈጠረ ማለት ነው።

እህሉም ለአራት ሺህ ሰው ተጭኖ ሄደ፤ ዛሬ እዚያ ተከምሮ ነቀዝ እየበላው ነው። የዝባን ሽማግሌዎች ሄደው ከዚያ ይሰጠን ብለው ለምነው ነበር፤ ዘበኛው ግን እያንዳንዱ ኩንታል ባለቤት ያለው መሆኑን፣ ባለቤቶቹም እስኪመጡ መጠበቅ እንዳለበት ነገራቸው። ያልተፈጠሩ ሰዎች ድርሻ ስለሆነ ለተፈጠሩት አይሰጥም። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም አሉኝ፤ ሲነግራቸው እያለቀሰ ነበር አሉ።

፬ኛ፤

አቶ ደጅይጥኑ መላ መታልን። ቁጥር መጻፍ ኀጢአት ከሆነባችሁ የሰዎቹን ስም ጻፉ፣ ቁጥሩን መኪናዋ ራሷ ታወጣዋለች አለ። ቄስ ገብረ አማኑኤልም ስም መጥራት መቁጠር አይደለም፣ በቅዳሴም እንጠራለን ብለው ፈቀዱ። ካህን ምእመኑን የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነውና በዓለም ስማቸው ሳይሆን በጥምቀት በተቀበሉት ስም ሁሉንም ጻፏቸው፤ ወለተ ሐና፣ ወለተ ገብርኤል፣ ወልደ ጻድቅ፣ ገብረ አምላክ፣ ወለተ ሰንበት፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው።

በመኪናዎ ዘንድ ግን ለአንድ ሰው ስም የተመደበው ስፍራ ጠባብ ኖሯል። የመጀመሪያው ቃል ይገባል፤ የተረፈው ከደጅ ይቀራል። የዝባን ሴት ሁሉ ወለተ ሆና ገባች፤ የማን ልጅ መሆኗን የሚናገረው፣ ቅዱሱን የሚጠራው ሁለተኛው ቃል ተቆርጦ ወደቀ። ወንዱም ግማሹ ወልደ፣ ግማሹ ገብረ ሆነ። መኪናዋ እነዚህን ስሞች እርስ በርሳቸው አስተያይታ እኩል ሆነው ስላገኘቻቸው አንዱ ሰው ተደጋግሞ የተጻፈ መሰላትና «ድግግሞሽ ተሰርዟል» ብላ አስተካከለች።

ዝባን ሚካኤል ከዜሮ ወደ ሦስት ሰው አደገ። ወለተ፣ ወልደ፣ ገብረ። የሦስት ሰው ቀለብም ያለ አንዳች ማጓደል መጣ፤ በደጀ ሰላም ለደብሩ ሰው ሁሉ በእፍኝ ተከፈለ። ትንሣኤን በዚያ ዋልን። ስለ ዕድገቱ አመሰግናለሁ።

፭ኛ፤

አሁን ወደ እህቴ ደረስሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን በትሕትና ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ድምፄ ከፍ ያለ ከመሰለዎ ይታገሡኝ።

እህቴ በክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ናት፤ በዓለም ስሟ ጥሩሐረግ እንላታለን። በግንቦት ወር ስልቻና ገመድ ይዛ ከዝባን ወርዳ ወደ ሰቆጣ መጋዘን መጣች፤ እኔም አብሬያት ሄድሁ። አቶ ደጅይጥኑ የዚያን ቀን ወደ ኮረም ሄዶ ኖሮ በቦታው ሌላ ሹም ተቀምጧል። ስምሽ ማን ነው አላት፤ ወለተ ሰንበት አለችው። ከመኪናዋ የመጣውን ወረቀት ተመለከተና የዝባን ወለተ ድርሻዋን ወስዳለች፣ ፈርማለች አላት። የወሰደችው ለሁሉም ብላ የፈረመች ወለተ ሐና የምትባል አሮጊት መሆኗን ብነግረው፣ ወለተ ወለተ ናት፣ መኪናው እኩል ብሏቸዋል፣ እኔ ከመኪናው አልበልጥም አለኝ።

በቤታችን የምንናገረው የአገው ቋንቋ ኽምጣንጋ ነው፤ የእህቴ አማርኛ ጥቂት ነው። ያችኑ ጥቂት ሰብስባ፣ እኔ በልቼ ከሆነ ሆዴ ስለ ምን አልሰማም አለችው። ሰውዬው ደነገጠ መሰለኝ፣ ሌላ ስም የለሽም ወይ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። ጥሩሐረግ አለችው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ዝባን ውስጥ ጥሩሐረግ የምትባል ሰው የለችም አላት። እኔ ወንድሟ ነኝ፣ በአንድ ማሕፀን ነበርን፣ ወለተ ሰንበትና ጥሩሐረግ አንዲት ሴት ናቸው፣ ይችውትና በፊትህ ቆማለች ብዬ ጮኽሁ። እሱም ሁለቱ ስሞች እኩል አይደሉም፣ እኩል ያልሆነውን እኩል አደርግ ዘንድ ሥልጣን የለኝም አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ አንድ ጊዜ ከወንበርዎ ተነሥተው መስኮት ክፈቱ ይበሉና አየር ይቀበሉ። እህቴ በዓይኗ አይታት ከማታውቅ ሴት ሁሉ ጋር እኩል ናት፤ ከራሷ ጋር ግን እኩል አይደለችም። ሌላዋ ሴት ስትበላ እሷ ጠገበች፤ ራሷ ስትራብ ግን ማንም አልተራበም። እኔ ድጓ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ ምሥጢር ተነግሮኛል፤ ይህን የሚያህል አልሰማሁም። ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን በአክብሮት ሸፍኜ ላቀርብልዎ ፈልጌ ነበር፤ ጨርቁ አጠረብኝ።

ከእኔ ጋር ትቀመጥ ዘንድ ለመንኋት። አማቷ ታምማ ተኝታለችና እምቢ አለች፤ ደግሞም ስሜን ወደሚያውቁት ልሂድ አለችኝ። ከቆሎዬ የተገኘውን ቋጥሬላት የወንዙን መሻገሪያ እስክታልፍ ቆሜ አየኋት። ወንዙ ያን ጊዜ ጠጠር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከዝባን የወረደ ሰው የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው። ደወል የሚደውል ጠፍቶ ሰው ሰዓቱን በጥላ ያውቃል። ጅብ በጠራራ ፀሐይ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ይሄዳል፤ ሰው ሲያይ አይሸሽም፤ ቆሞ ይመለከታል። ደጃፉ ከውጭ በልጥ የታሰረ ቤት በዝቷል፤ ከውጭ የታሰረው የተሰደደ ነው። ከውስጥ ተዘግቶ የማይከፈትም ቤት አለ፤ ስለዚያኛው ሲጠየቁ ሰዎቹ ወሬ ይቀይራሉ።

፮ኛ፤

ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ የእርማት መጠየቂያ ቅጽ ስለደረሰን ከልብ አመሰግናለሁ። በቅጹ ግርጌ፣ ይህ ቅጽ ተሞልቶ ካልተመለሰ አጥቢያው ቅሬታ እንደሌለው ይቆጠራል የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን ያነበብሁት ብቻዬን ተቀምጬ ነበር፤ ዝም ብሏልና የለም እንዳልባል ወዲያው ተነሥቼ በሩን ከፈትሁት።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። በእናንተ ዘንድ ዝም ያለ ሁሉ ጠግቧል፤ ያልጻፈ ሁሉ የለም፤ ያልመለሰ ሁሉ ደስ ብሎታል። ክቡር ሆይ፣ ይህ ከሆነ የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ በቅርቡ እጅግ ይቀልልዎታል። ዋግ ጸጥ እያለ ነው። መጀመሪያ ዝባን፣ ቀጥሎ ከታች ያሉት መንደሮች፣ ከዚያም በዋጉ ዝቋላ በኩል ያሉት ዝም ይላሉ፤ ከዚህ አገር አንድም ቅሬታ የማይደርስዎ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ወረቀቱ እንዴት ያምር ይሆን። መኪናዎ ያን ወረቀት ስታወጣ በአጠገቧ ቆመው ድምፅዋን ያዳምጡ ዘንድ እለምንዎታለሁ፤ በክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሌላ የሚሰማ ነገር አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልመናዬ ያው የመጀመሪያው ነው። መኪናዋ ትረፍና ዐይን ያለው አንድ ሰው ይላኩልን። ዝባን ወጥቶ ደጃፍ ይግፋ። ሰው ካገኘ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅ፤ ለተገኘው ይስጥ። ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ይሁን። አቶ ደጅይጥኑ ሰቆጣ ያለውን እህል ለመጫን አህዮች አዘጋጅቷል፤ የሚጠብቀው የእርስዎን አንድ መስመር ቃል ብቻ ነው። ያችን መስመር ክፍት አድርገው እንዳይተዉብን በቅዱስ ሚካኤል ስም እለምንዎታለሁ።

የክቡርነትዎን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ማዕድዎን ይባርክልን፤ ስምዎንም፣ እስከ መጨረሻው ቃል ሳይቆረጥ፣ በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን እያልሁ፣ በወረቀትዎ ላይ ካለሁ በታላቅ ትሕትና፣ ከሌለሁም በዚያው ትሕትና እጅ የምነሣ፣

ከሌሎች አሥራቶች ሁሉ ጋር እኩል መሆኔ ያልተጣራ
መሪጌታ አሥራተ ማርያም
ከሰቆጣ

ማስታወሻ፤ ሰኔ ፱ ቀን

ደብዳቤውን ሳልልከው መንገድ የሚሄድ ሰው ስጠብቅ ቆየሁ፤ ትናንት ጠዋት ደግሞ የሚጨመር ነገር መጣ። በደሃና መንገድ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ፣ ቄስ ገብረ አማኑኤል የዝባን ሚካኤልን ታቦት በራሳቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ገቡ። ቀዳሽ ስለታጣ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ባለበት በግንባሩ ተደፋ። ከኋላቸው ጥቂት ሰዎች ይከተሉ ነበር፤ አልቆጠርኋቸውም። ታቦቱ በእኛ ደብር በእንግድነት ገብቷል፤ የዝባን ቤተ ክርስቲያን በር ከውጭ በልጥ ታስሯል።

አባታችን ውኃ ከቀመሱ በኋላ ስለ እህቴ ጠየቅኋቸው። ወለተ ሰንበት አልኋቸው፤ ቀጥዬም ጥሩሐረግ አልኋቸው። በሁለቱም ስሟ አወቋት። አማቷን በቀበረች ማግሥት ዐርፋለች። የመጨረሻውን ፍትሐት ያደረጉት ለእሷ ነበር፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ወለተ ሰንበት ብለው ሙሉ ስሟን ሳይቆርጡ መጥራታቸውን ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የእርማት ቅጽዎን አውጥተን ሞላነው። በዝባን የሚቆጠር ሕያው ስለሌለ አባታችን ኀጢአት አይሆንም አሉ። ዜሮ እንዴት እንደሚጻፍ እኔም አላውቅም ነበርና አቶ ደጅይጥኑ እጄን ይዞ አሳየኝ፤ በአራቱም ቤት አራት ዜሮ ጻፍሁ። ወንዙ ሌሊቱን ሞልቷል፤ አህዮቹ ተፈትተዋል።

መኪናዎን ስሕተተኛ ብዬ ስላማሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አልተሳሳተችም፣ ጥቂት ቀደም አለች እንጂ። ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። እባክዎ ዐምና ሳይጻፍበት ከመጣው ጋር እንድታስተያየው ይስጧትና ልዩነት ካገኘችበት በዚሁ አድራሻ ያስታውቁኝ።